ቧንቧውን ማን ዘጋው

ኮሪያማ፣ ስድስተኛው ወር በገባ በ4ኛው ቀን

ለእህቴ ለሚሳኦ፣

ደብዳቤሽ ባለፈው ሳምንት ደርሶኛል። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላም ጽሕፈትሽን ፖስታው ላይ ሳየው ወዲያው ነው ያወቅሁት። ሳልመልስልሽ ስድስት ቀን በመቆየቴ ይቅር በይኝ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ቀድጃቸዋለሁ።

እዚህ ዝናቡ ጀምሯል፤ ልብስ አይደርቅም። እማማ ሰማንያ ስምንት ዓመት ሞላቸው። ከበረዶው ወራት ወዲህ ከፍራሻቸው ባይነሱም ጆሯቸውና ምላሳቸው ደህና ነው። ባሌ፣ ወንድምሽ ሾዞ፣ ካረፈ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። ልጅ ስላልወለድን እዚህ ቤት የቀረነው እኔና እናትሽ ብቻ ነን። ከአጥሩ የምወጣው ለገበያ ነው፤ እሱንም እማማ ሰዓት ይዘው ይጠብቁኛል። አሥር ደቂቃ ካሳለፍኩ ደወላቸው እስከ መንገዱ ድረስ ይሰማል።

መጻፍሽን አልነገርኳቸውም። ስምሽ እዚህ ቤት እንደማይጠራ አንቺም ታውቂዋለሽ። ስልክ አላችሁ ወይ ላልሽኝ፣ አለን፤ ግን የተቀመጠው እማማ ራስጌ ነው። ስለዚህ ጻፊልኝ። ፖስታ የምቀበለው እኔ ነኝ።

የዓሣ አርቢ ልጅ ሆነሽ እኔን፣ የጃንጥላ ሠሪዋን ልጅ፣ ስለ ውሃ መጠየቅሽ ገርሞኛል። ቢሆንም የማውቀውን ልንገርሽ። የልጅ ልጅሽ ከበዓሉ የዓሣ ማጥመድ ጨዋታ በወረቀት መረብ ያወጣቻቸው ሁለት ዓሦች ያሉበት ገንዳ አዲስ ነው ብለሻል። አዲስ የመስታወት ገንዳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደ ሩዝ እጣቢ ይነጣል። ይሄ ቆሻሻ አይደለም። በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ነገሮች ናቸው፤ የዓሣውን ኩስ እየበሉ ውሃውን የሚያጠሩት እነሱ ናቸው፣ ግን ገና ቦታ አልያዙም። አንቺ ደግሞ ውሃው በነጣ ቁጥር ሁሉንም እየደፋሽ ከቧንቧ ትሞያለሽ። እነሱም በየጊዜው እንደ አዲስ ይጀምራሉ።

ሁሉንም አትድፊ። በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ከሦስት እጅ አንዱን ብቻ ቅጂ። የምትጨምሪውን ውሃ በባልዲ አድርገሽ አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ አቆዪው፣ ክሎሪኑ ይውጣለት። የማጣሪያውን ጥጥ በቧንቧ ውሃ እንዳታጥቢው። ከገንዳው በቀዳሽው ውሃ አለቅልቂው እንጂ አትሺው። ምግቡ ደግሞ በሁለት ጣት ቆንጥረሽ የምታነሺው ያህል ይበቃል። ወርቅ ዓሣ ጨጓራ የለውም፤ ሁልጊዜ እንደተራበ ነው የሚያይሽ። እሱን አትስሚው።

በመጨረሻ ስለዚያ ቀን የጠየቅሽኝ ረጅም ነገር ነው። አሁን ደወሉ እየጠራኝ ስለሆነ ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

ኪኑኤ

ሩሞይ፣ ስድስተኛ ወር፣ 13ኛ ቀን

ይድረስ ለእትዬ ኪኑኤ፣

ደብዳቤዎን ለባሌ ለጌንሳኩ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «ለካ አንቺም ትእዛዙን የምትሰሚው ሰው አለ! እኔ ሠላሳ ዓመት በከንቱ ጮህኩ» አለኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። ውሃው እስካሁን ነጭ ነው። ጌንሳኩ «ዓሣ ነው ወተት የምናረባው?» እያለ ያሾፍብኛል።

እሱ ከወደቡ የድንጋይ ከሰል ሥራ ይዞት የወጣው ሳንባውን ብቻ ነው፤ እሱንም ግማሹን። አሁን ከኦክስጅን ሲሊንደሩ ርቆ ከአምስት እርምጃ በላይ አይሄድም። እሱ በቱቦ ይተነፍሳል፣ ዓሦቹም በቱቦ ይተነፍሳሉ፣ እኔ መሃል ተቀምጬ የሁለቱንም አረፋ አዳምጣለሁ። በመስኮት ቢያዩ ግማሹን ዓመት በረዶ፣ ግማሹን ጉም ነው። አላማርርም። ሰውዬው ክፉ ሆኖብኝ አያውቅም።

እትዬ፣ «ሌላ ጊዜ» ብለዋል። እኔ ግን ሃምሳ አንድ ዓመት ሆነኝ፣ እናቴም ሰማንያ ስምንት። ስለዚህ ደግሜ ልጠይቅዎ፤ ቧንቧውን ሲዘጉልኝ ስንት ሰዓት ሆኖ ነበር?

ያን ቀን፣ የዓሣ ውድድሩ ነገ ሊሆን፣ የአባቴን የሲሚንቶ ገንዳ እንድጠብቅ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። የጎደለውን ሁለት ጣት ልሞላ ቧንቧውን ከፈትኩ። ከዚያ ለእርስዎ «አንድ ሰዓት ብቻ፤ እማዬ ከጠየቀች ውሃው ጋ ናት በሏት» ብዬ ሹልክ አልኩ። ከማን ጋር እንደነበርኩ ያውቃሉ። አመሻሽ ላይ ስመለስ አባቴ ለዓሦቹ ብሎ ያቆየው ያ አረንጓዴ ውሃ የለም። ገንዳው እንደ መስታወት ጠርቷል፣ ቧንቧው ተዘግቷል። ከፍቼው ሄጄ፣ ሲፈስና ሲሞላ ውሎ አሮጌውን ውሃ ጠርጎ እንዳወጣው፣ እርስዎም አይተው እንደዘጉልኝ ገባኝ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ሃያ ዓመት የደከመባቸው አሥራ አንዱ ራንቹ፣ እነዚያ የጀርባ ክንፍ የሌላቸው ወርቅ ዓሦች፣ ሁሉም በጎናቸው ተንሳፍፈው ተገኙ። እናቴ «ውሃው ጋ የነበረው ማነው?» አለች። «እኔ» አልኩ። ምን ልበል? የት እንደነበርኩ ብናገር የባሰ ነው። እርስዎም «ቧንቧው ክፍት ነበር» ብለው አልመሰከሩብኝም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ላየሁት ሰው ድረው፣ ሁለት ቀን በባቡርና በመርከብ ወደሚያስኬድ አገር ሲሰዱኝ፣ ጣቢያ ድረስ የሸኙኝ እርስዎ ብቻ ነበሩ። አመስግኜዎ አላውቅም። አሁን አመሰግናለሁ።

ሰዓቱን ማወቅ የምፈልገው ለራሴ ነው። ምን ያህል እንዳጠፋሁ ልወቅ።

ሚሳኦ

ኮሪያማ፣ ስድስተኛ ወር፣ 22ኛ ቀን

ለእህቴ ለሚሳኦ፣

ደብዳቤሽም፣ ከሱ ኋላ የላክሽው ፖስትካርድም ደርሰውኛል። ስለ ትንሿ ዓሣ አዝናለሁ። አይደለም፣ ባንቺ እጅ አይደለም የሞተችው። ከበዓል ጨዋታ የመጣ ዓሣ በመረብ ሲባረር ስለሚውል ተጎድቶ ነው የሚመጣው። በዚህ ራስሽን አትውቀሺ።

ለቀረችው ግን መድኃኒት አለኝ። በእናንተ ቤት ዓሣ ወደ ሌላ ቤት ሲሄድ ከአሮጌው ውሃ አብሮ ይላክ እንደነበር ታስታውሻለሽ። የቤቱ ሴት ልጅ ስትዳርም አንድ ማሰሮ አሮጌ ውሃ ይዛ ትወጣለች። አንቺ ስትሄጂ ማንም አልሰጠሽም። ውሃ በፖስታ ስለማይላክ ከኔ ገንዳ ማጣሪያ ጥጥ ቆርጬ፣ እንደረጠበ በላስቲክ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። አስቀያሚና ቡናማ ነው፤ ውሃውን የሚያጠሩት ደቃቆች ያሉት ግን እሱ ውስጥ ነው። እንዳታጥቢው። እንዳለ በራስሽ ማጣሪያ ውስጥ ክተቺው።

አንድ ነገር ልነግርሽ ይገባል። ገንዳዬ ያለው እማማ የተኙበት ክፍል ነው፤ ቀኑን ሙሉ እሱን እያዩ ይውላሉ። ጥጡን ሳወጣ አዩኝ።

«ምን እየሰረቅሽ ነው?»

«ጥጥ እየቀየርኩ ነው እማማ።»

«ጥጥ የሚቀይር ሰው በላስቲክ አይጠቀልልም። ለማን ነው?»

ላስቲኩን በክር ማሰሬን ቀጠልኩ።

«ፖስተኛው ሲመጣ እንደ ኮረዳ እየሮጥሽ ስትወጪ የማልሰማ መሰለሽ? እግሬ ነው የሞተው።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ሰሜን ድረስ ስንት ቀን ይፈጃል?» አሉኝ።

«ሦስት ቀን።»

«እንግዲያው እፍኝ ጨምሪበት። ያችን ታህል ጥጥ እዚያ ሳትደርስ ትሞታለች።»

ስምሽን አልጠሩም። ሌላም ነገር አላሉኝም። እኔም እፍኝ ሙሉ ጨመርኩበት።

ሰዓቱን አላስታውስም። ብዙ ዘመን ሆነው።

ኪኑኤ

ሩሞይ፣ ሰባተኛ ወር፣ 3ኛ ቀን

ይድረስ ለእትዬ ኪኑኤ፣

ጠርቷል! በአምስተኛው ቀን ጠዋት ስነሳ በገንዳው ውስጥ አሻግሬ ጌንሳኩን አየሁት፤ እሱም በዚያኛው በኩል አፉን ከፍቶ አየኝ። «እኔ ነኝ ወይስ ዓሣዋ?» ብሎ ሳቀ፤ ሲስቅ ሳል ያዘውና ሁለታችንንም አስደነገጠን። ጥጡ ሲሸት ግን ምን ልበልዎ፣ የቤታችን ጓሮ ነው የሸተተኝ። ላስቲኩን ለመጣል አልደፈርኩም።

«እፍኝ ጨምሪበት» ያለችውን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አይጠይቁኝ።

እትዬ፣ ልመጣ ነው። በስምንተኛው ወር፣ ለሙታን መታሰቢያ በዓል። የአባቴን መቃብር አይቼ አላውቅም። ዓሦቹ ባለቁ በአራተኛው ወር ሲሞት እንኳ «አትምጪ» የሚል ቴሌግራም ነው የደረሰኝ። ልጄ ከሳፖሮ መጥታ አባቷን ትጠብቅልኛለች። እባክዎ፣ ለእናቴ ይንገሩልኝ። የምትለኝን ሁሉ እሆናለሁ። ብቻ ከደጃፍ እንዳትመልሰኝ።

ሚሳኦ

ኮሪያማ፣ ሰባተኛ ወር፣ 11ኛ ቀን

ለእህቴ ለሚሳኦ፣

ነገርኳቸው። ምሳቸውን ከበሉ በኋላ ነው፤ ያኔ ትንሽ ይለሰልሳሉ። ያሉትን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፣ «ትምጣ። ግን እንደ እንግዳ አትገባም። መግቢያው ላይ፣ ጫማ የሚወለቅበት የአፈር ወለል ላይ ተንበርክካ፣ ግንባሯን መሬት አስነክታ፣ ውሃውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ትበል። እኔ እዚሁ ተኝቼ እሰማታለሁ። ከዚያ ይቅር እላታለሁ። ግቢ እላታለሁ። ከመሞቴ በፊት ይህን ማለት እፈልጋለሁ።»

ይህን ሲሉ ከዓይናቸው እንባ ወርዶ ጆሯቸው ውስጥ ሲገባ አየሁ። በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ ሲያለቅሱ ያየሁት ይህ ሁለተኛው ነው።

ስለ ዓሣዋ አመጋገብ ልጨምርልሽ፣ በሙቀቱ ወራት ጠዋት ብቻ ስጫት። መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ከያዘ ፊት ለፊቱን ብቻ በጨርቅ ጥረጊው፤ የጀርባውን ተይው፣ ይጠቅማታል።

ሌላ የምጽፍልሽ ነበረኝ። ደክሞኛል፤ ይቅር በይኝ።

ኪኑኤ

ሩሞይ፣ ሰባተኛ ወር፣ 19ኛ ቀን

ይድረስ ለእትዬ ኪኑኤ፣

ቲኬቱን ቆርጫለሁ። በስምንተኛው ወር በ11 ተነስቼ በ13 እደርሳለሁ።

በየጠዋቱ ኩሽና ውስጥ መንበርከክ እለማመዳለሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ስወርድ ደህና ነኝ፣ ስነሳ ነው ጉዱ። ጌንሳኩ ከአልጋው ላይ ሆኖ «ዝቅ! አሁንም ዝቅ! ንጉሥ ፊት ነው እንዴ የምትሄጂው?» ይለኛል። ትናንት ግን አልቀለደም። «ሚሳኦ፣ አንድ ቧንቧ ነው እኮ» አለኝ። «ሃያ ዓመትሽ ነበር።» እኔም የነገርኩት፣ አንድ ቧንቧ ቢሆንም አሥራ አንድ ዓሣና አንድ አባት እንደሆነ ነው።

ለማንም ያልነገርኩትን ለእርስዎ ልንገርዎ። ከቤት በወጣሁ ቁጥር ከመንገድ ተመልሼ ቧንቧ እነካለሁ። ሁልጊዜ ተዘግቶ ነው የማገኘው። ሁለተኛም እመለሳለሁ። ልጄ ትንሽ ሳለች «እማዬ ቧንቧ ትሳለማለች» እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር። ከእናቴ አፍ «ግቢ» የሚለውን ከሰማሁ ይህ ነገር ይተወኝ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

እርስዎ ያኔ በዝምታዎ ጋረዱኝ። አሁን ደግሞ በሩን አስከፈቱልኝ። ስመጣ በመጀመሪያ የማቅፈው እርስዎን ነው፤ እናቴ ብትቆጣም ትቆጣ።

ሚሳኦ

ኮሪያማ፣ ሰባተኛ ወር፣ 25ኛ ቀን

ለሚሳኦ፣

ስለ አየሩ አልጽፍም።

ቧንቧው ክፍት አልነበረም። ከመሄድሽ በፊት ዘግተሽው ነው የሄድሽው። በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለት ጣት ሞልተሽ፣ ዘግተሽ፣ እጅሽን በቀሚስሽ ጠርገሽ ነው የወጣሽው።

ውሃውን የለወጥኩት እኔ ነኝ።

ከገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። እኔ የመጣሁበት ቤት ወረቀትና ቀርከሃ እንጂ ዓሣ የለም። በማግስቱ ከውድድሩ በኋላ ከኦሳካ እንግዶች ወደ ቤት እንደሚመጡ እማማ ሲናገሩ ሰማሁ። ገንዳውን አየሁት፤ እንደ ቅጠል ጭማቂ አረንጓዴ ሆኗል፣ ዓሦቹ እንኳ አይታዩም። አዲሷ ሙሽራ ባለችበት ቤት ይህ ነውር ነው ብዬ አሰብኩ። ቧንቧውም በዚያው ዓመት ነው የገባው፤ ኩራታችን ነበር። አንቺም አልነበርሽም። ዓሦቹን በባልዲ አውጥቼ፣ ውሃውን በሙሉ ደፍቼ፣ የገንዳውን ግድግዳ በገለባ ብሩሽ እስኪነጣ ፈትጌ፣ ከቧንቧው እስከ አፉ ሞላሁት። ከዚያ ዓሦቹን መለስኳቸው። ሚሳኦ፣ እንዴት ያምር እንደነበር! ቅርፊታቸውን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻል ነበር። አጠገቡ ቆሜ እማማ ወጥተው እስኪያመሰግኑኝ ጠበቅሁ። ለእንግዶቹ ሲያዘጋጁ ውለው ከቤት አልወጡም።

አንቺ ስትመለሺ፣ ገንዳውን ስታዪ ፊትሽ ሲለወጥ አየሁ። ያመሰገንሽኝ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ዓሦቹን ሳይ ነው የገባኝ፤ ያኔም ምን እንዳደረግሁ እንጂ ለምን እንደሞቱ አላውቅም ነበር። «ውሃው ጋ የነበረው ማነው?» ሲባል አፌን ከፍቼ ነበር። አንቺ ቀደምሽኝ። «እኔ» አልሽ። እኔም አፌን ዘጋሁ። ያን ቀን የዘጋሁት ነገር ቢኖር እሱን ነው።

ጣቢያ ድረስ የሸኘሁሽ ልነግርሽ ነበር። ባቡሩ ሁለት ደቂቃ ዘግይቶ ነው የመጣው። ጊዜ ነበረኝ።

እዚህ ቤት ስገባ ማንበብ እንኳ በቅጡ አልችልም ነበር። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ዓሣ የሚጠቀለልበትን ጋዜጣ እየዘረጋሁ ፊደል ቆጠርኩ። ከዚያ መጻሕፍት እየተዋስኩ ስለ ውሃ አነበብኩ። የቧንቧው ክሎሪን ዓሣ እንደሚገድል፣ የፈተግሁት አረንጓዴም ውሃቸውን ያጠራ የነበረው እንደሆነ ያወቅሁት በስምንተኛው ዓመት ነው። ላንቺ የጻፍኩልሽን ምክር ሁሉ የተማርኩት የራሴን ጥፋት ስፈልግ ነው። ለሾዞ እንኳ ሳልነግረው ሞተ።

መንበርከክ እየተለማመድሽ መሆኑን ከጻፍሽልኝ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። ከትናንት በስቲያ ለእማማ ተናገርኩ። አልጮሁም። «ለሷ እንዳትነግሪያት» አሉኝ።

«እማማ፣ ያላደረገችውን አደረግሁ ብላ…»

«ትምጣ፣ ትንበርከክ፣ ይቅር እላታለሁ፣ ያልቃል። እሷም ደስ ይላታል፣ እኔም አርፋለሁ። አንቺ የምትዪው እውነት ከሆነ፣ ልጄን በባዶ ሜዳ አባርሬ፣ አባቷን ሳታይ አስቀርቼ ነው የምሞተው። ይሄን ነው የምታጎርሺኝ? በዚህ ዕድሜዬ?» ትንፋሻቸው አጠረ። «ብትነግሪያት ከዚህ ቤት ትወጫለሽ። ቤቱ የኔ ነው። ሃምሳ አራት ዓመትሽ ነው፣ ዘመድ የለሽም፤ የት ትገቢያለሽ?»

ሁለት ቀን አሰብኩበት። እውነቴን ነው፣ ዝም ብል ሁላችሁም ትታረቁ ነበር። አንቺ ትገቢያለሽ፣ እሳቸው ያርፋሉ፣ እኔም ጣራ ይኖረኛል። የሚጎዳ ማንም አይኖርም ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። ግን ያንን የአፈር ወለል በየጠዋቱ የምጠርገው እኔ ነኝ። ግንባርሽ የሚያርፍበትን ቦታ አውቀዋለሁ። ስጠርገው እጄ እምቢ አለኝ።

ይቅርታ አልለምንሽም። እወቂው ብዬ ነው። እማማ እንቅልፍ ይዟቸዋል፤ ሳይነቁ ፖስታ ቤት ልድረስ።

ኪኑኤ

ሩሞይ፣ ስምንተኛ ወር፣ 1ኛ ቀን

ኪኑኤ፣

ካሁን በኋላ እርስዎ አልልሽም።

ጌንሳኩ ፊቴን አይቶ «ማን ሞተ?» አለኝ። ወረቀቱን ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ ትንፋሽ አጥሮት የሲሊንደሩን አየር ጨመርኩለት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ አለኝ፣ «ዘግተሽው ነበር እኮ፣ ሚሳኦ። ዘግተሽው ነበር።» ሁለታችንም አለቀስን። ካንቺ ደብዳቤ ያገኘሁት ጥሩ ነገር ይሄ ብቻ ነው።

ውሃውን መለወጥሽን ይቅር ማለት እችላለሁ። ሙሽራ ነበርሽ፣ አታውቂም ነበር። አፍሽን መዝጋትሽንም አንድ ቀን ይቅር እል ይሆናል፤ እኔም የዘጋሁት ነገር ነበረኝ። ያቃተኝ የጣቢያው ነገር ነው። ምሳ ቋጥረሽልኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ አንድ ሰው ወዶኛል ብዬ የምይዘው እሱን ነበር።

አልንበረከክም። ለእናቴም፣ ለመቃብርም፣ ለማንም።

ይህንን ወረቀት ለእናቴ አንብቢላት። ጮክ ብለሽ፣ አንድ ቃል ሳታስቀሪ። ቆሜ እንድገባ የምትፈቅድ ከሆነ ትናገር። ካልፈቀደች ቲኬቱን እመልሳለሁ፤ ይሄው ጠረጴዛው ላይ ነው። ከዚህ በኋላ በኔ ጉዳይ ዝም እንዳትይ። ይህን ብቻ ነው የምፈልግብሽ።

ሚሳኦ

ኮሪያማ፣ ስምንተኛ ወር፣ 6ኛ ቀን

ለሚሳኦ፣

ይህንን በፈጣን ፖስታ የምልከው ከመነሳትሽ በፊት እንዲደርስሽ ነው።

እንዳልሽው ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስለ ምሳው ያልሽው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁት። እማማ «ቀጥይ» አሉኝ፤ ቀጠልኩ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ከእጄ ምግብ አልተቀበሉም። ደወላቸውንም አላነሱም። ያ ደወል ዝም ሲል ቤቱ እንዴት እንደሚያስፈራ ልነግርሽ አልችልም።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ተናገሩ።

«ቆማ ነው የምትገባው?»

«አዎ እማማ።»

«እኔ ግን መቆም አልችልም።»

«ታውቃለች፤ ጽፌላታለሁ።»

«እንግዲያው ፍራሼን ጎትቺው።»

«ወዴት?»

«ወዴት ይሆናል? ወደ በሩ!»

ፍራሻቸውን እሳቸው እንደተኙበት ሦስት ክፍል አሻግሬ ጎተትኩት። እሳቸው «ቀስ! ሬሳ አይደለሁም!» እያሉ፣ እኔም እየላበኝ፣ ከአፈሩ ወለል በላይ ካለው ጫፍ አደረስኩት። በሩን ወለል አድርጌ እንድከፍት አዘዙኝ። አሁን ከመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ያያቸዋል። ትናንት የጎረቤታችን ሴትዮ «እማማ ቶሜ፣ ሱቅ ከፈቱ እንዴ?» ብትላቸው፣ «አዎ፣ አሮጊት እየሸጥኩ ነው፤ የሚገዛኝ አጣሁ» አሏት። እኔን ግን ከሥራ በቀር አያናግሩኝም።

የት ልሂድ ብዬ ልብሴን መሰብሰብ ጀምሬ ነበር። አዩኝ። «የትም አትሄጂም» አሉ። «ልቤ ሲበርድ አባርርሽ ይሆናል፤ አሁን አይደለም። እሷ ስትመጣ አንቺ እዚያ ታች አፈሩ ላይ ቆመሽ በአፍሽ ትነግሪያታለሽ፣ እኔም እየሰማሁ። ከዚያ እኔ የምላት አለኝ። እሱን ላንቺ አልነግርሽም።» ስለዚህ እዚሁ ነኝ። ከዚህ ቤት የምወጣበት በር እስካሁን አልታየኝም፤ ይገባኛልም አልልም።

ጻፊልኝ ብለው ያስጻፉኝ ይህ ነው፦ «ለሚሳኦ። ቆመሽ ግቢ። እኔ መሬት ላይ ነኝ። ትንኝ እየበላኝ ስለሆነ ቶሎ ነይ። እናትሽ።»

ስምሽን ሲጠሩት ድምፃቸው ሰለለ፤ ሁለተኛ ጊዜ ጠርተው አስተካከሉት።

በ13 እንደምትደርሺ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሰዓቱን ግን አልጻፍሽልኝም። ከትናንት ወዲህ ደጋግመው «ስንት ሰዓት ነው የምትደርሰው?» ይሉኛል። ለኔ ሌላ ቃል ባይኖርሽም፣ የምነግራቸው ነገር እንዲኖረኝ ሰዓቱን ብቻ ጻፊልኝ።

ኪኑኤ